ራውተሩ ሳይጠፋ ካርዱ ይነቀላል ወይ?

በደብረ ማርቆስ የባንክ መስኮት ፊት ቆሞ «ሲስተም የለም» ያልተባለ ሰው ካለ ገንዘብ የሌለው ሰው መሆን አለበት። ሰልፉ ይላላል፤ ከገጠር የመጣው ጋቢውን አጣፍቶ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል፤ ቆይቶ አንድ ሠራተኛ ብቅ ይልና «ራውተሩ ተቃጥሏል» ይላል። አነጋገሩ እንደ መርዶ ነው። መርዶ ሲነገር ደግሞ ማንም ጥያቄ አያነሣም።

የእኔ ሥራ መጠየቅ ነው። ከደጀን እስከ ዳንግላ ባሉ መሥሪያ ቤቶች ኔትወርክ ሲበላሽ ከሚጠሩት ሰዎች አንዱ ነኝ። «ተቃጥሏል» ተብዬ የሄድኩበትን ሳጥን ሳየው ብዙ ጊዜ ነፍሱ አለች። የሞተው እሱ ላይ ከተሰኩት ክፍሎች አንዱ ብቻ ነው። ያንን ክፍል ነቅሎ ሌላ መሰካት፣ ተራው ከተጠበቀ፣ ከግማሽ ሰዓት የማይበልጥ ሥራ ነው። ተራው ካልተጠበቀ ግን ሟቹ ደህናውንም ይዞት ይሄዳል።

ራውተር ምን ያደርጋል? ሞጁልስ ምንድን ነው?

ቡሬን አስቡ። ከማርቆስ የተነሣ መኪና ቡሬ ሲደርስ ወይ ወደ እንጅባራና ባሕር ዳር ይቀጥላል፣ ወይ ታጥፎ ዓባይን ይሻገርና ነቀምት ይወርዳል። መገንጠያው ላይ ቆሞ እያንዳንዱን መኪና «ወዴት ነህ?» እያለ የሚያሳልፍ ሰው ቢኖር ሥራው የራውተር ሥራ ነበር። በኔትወርክ የሚጓዘው በትንንሽ ጥቅል የተከፋፈለ መረጃ ነው። እያንዳንዱ ጥቅል የመድረሻውን አድራሻ ይዞ ይመጣል፤ ራውተሩ አድራሻውን አንብቦ በየትኛው በር እንደሚያስወጣው ይወስናል። በሩን ፖርት እንለዋለን።

ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን አጠገብ የምትቀመጠው ትንሽ ሳጥንም ራውተር ናት፤ ፖርቶቿ ግን ከፋብሪካ ሲወጡ እንደተጣበቁ ናቸው። የሚነቀል ነገር ስለሌላት እሷን እንተዋት። እዚህ የምንነጋገረው በቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት፣ በሆስፒታል ወይም በዩኒቨርሲቲ ራክ በሚባል የብረት መደርደሪያ ላይ ታስሮ ስለሚቀመጠው ነው። (አንዳንድ ቦታ ራክ የሚባለው ከደረጃ ሥር ያለ፣ ከመጥረጊያና ከጀሪካን ጋር የሚጋሩት ቁም ሳጥን ነው።) ይህኛው ፊቱ ወይም ጀርባው ላይ ባዶ ማስገቢያዎች አሉት። በማስገቢያው የሚገባው ክፍል ሞጁል ይባላል፤ እኛ በአፋችን ካርድ እንለዋለን።

ለምን ተነጣጥሎ ተሠራ ለሚል፣ መልሱ ገበሬው ትከሻ ላይ አለ። ማረሻው ሲዶለዱም ሞፈሩን የሚጥል ገበሬ የለም። ማረሻውን ብቻ ፈትቶ አንጥረኛ ዘንድ ይወስደዋል። ድግሩ ከተሰበረ ድግሩን ይቀይራል፤ እርፉም ቀንበሩም ባሉበት ይቆያሉ። ራውተሩም እንዲሁ ነው። ትናንት በመዳብ ሽቦ ይገናኝ የነበረ ቅርንጫፍ ዛሬ ፋይበር (መረጃን በብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ክር) ቢገባለት፣ የመዳቡ ካርድ ወጥቶ የፋይበሩ ይገባል። ፋይበሩ ሲቆረጥ በሞባይል ኔትወርክ የሚያገናኝ መጠባበቂያ ካርድም መጨመር ይቻላል። በክረምት መብረቅ ወርዶ በውጭ በተዘረጋ ኬብል በኩል የመጣ ኃይል አንዱን ካርድ ሲያቃጥል ጎረቤቱን ሊምረው ይችላል። ያኔ መላውን ማሽን ለመግዛት ጨረታ ማውጣት፣ አንድ ማረሻ ዶለዶመ ብሎ በሬ እንደ መሸጥ ነው።

እና፣ እየሠራ ይነቀላል?

ስለ ራውተሩ በጅምላ «አዎ» ወይም «አይ» የሚል ሰው ተሳስቷል። መልሱ ለእያንዳንዱ ክፍል ለየብቻው ነው።

ፋይበሩ የሚሰካበት፣ አውራ ጣት የማይሞላ የብረት ቁራጭ አለ፤ ኤስኤፍፒ ይባላል። የኤሌክትሪክ ምልክቱን ወደ ብርሃን፣ ብርሃኑን መልሶ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው እሱ ነው። እሱ ማሽኑ እየሠራ እንዲወጣና እንዲገባ ታስቦ የተሠራ ነው። ለማሽኑ ኃይል የሚያቀብለው ፓወር ሰፕላይ ሁለት ሆኖ ከተገጠመና አንዱ ብቻውን ማሽኑን መሸከም ከቻለ፣ ሌላውን ማብሪያውን አጥፍቶና ገመዱን ነቅሎ ማውጣት ይቻላል። አንድ ብቻ ከሆነ ግን እሱን መንቀል ማሽኑን ማጥፋት ነው። በትልልቅ ራውተሮች ማራገቢያዎቹም በአንድ መሳቢያ ሆነው ማሽኑ ሳይጠፋ ይወጣሉ፤ ነገር ግን ተተኪው እጅ ላይ መሆን አለበት። ያለ ነፋስ ለጥቂት ደቂቃዎች ከቆየ ማሽኑ ከመጋል አልፎ ራሱን ለማዳን ሊጠፋ ይችላል። ዋናው የፕሮሰሰር ሰሌዳ የሚነቀለው ተጠባባቂ ያለው እንደሆነ ብቻ ነው። ሚሞሪ ማሽኑ እየሠራ ፈጽሞ አይነካም።

ሰውን የሚያሳስተው የመገናኛ ካርዱ ነው። እዚህ ላይ የአንድ ፋብሪካ ሁለት ማሽኖች እንኳ አይስማሙም። ከሲስኮ ራውተሮች በ2900 ተከታታይ ትንንሾቹን የመገናኛ ካርዶች ለማስገባትም ለመንቀልም ኃይሉ መጥፋት አለበት። በኋላ በመጣው በ4000 ተከታታይ ደግሞ ሞጁሉ አስቀድሞ በትዕዛዝ ከቆመ ማሽኑ እየሠራ ሊወጣ ይችላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ልዩነታቸውን ከመልካቸው አያውቅም። በአዲሱ ላይ የለመደ እጅ አሮጌው ላይ የሚሳሳተው በዚህ ነው። ስለዚህ ብሎን ከመላላቱ በፊት የማሽኑን ሞዴል አንብቦ መመሪያውን ማየት ግድ ነው። መመሪያው ካልተገኘ ማጥፋት ይሻላል፤ አሥር ደቂቃ «ሲስተም የለም» ማለት ሳምንት ከማለት ይቀላል።

ኤሌክትሪክ እያለበት ሲነቀል ለምን አይቃጠልም?

ለዚህ ተብሎ የተሠራ ካርድ ጀርባው ላይ ያሉት የመገናኛ እግሮች እኩል አይደሉም። አይን ላይ ብዙም አይታይም፤ ግን አንዳንዶቹ ረዘም፣ አንዳንዶቹ አጠር ያሉ ናቸው። ረጃጅሞቹ የመሬት መስመር ናቸው። ካርዱ ሲገባ መጀመሪያ የሚነኩት እነሱ ስለሆኑ ካርዱና ማሽኑ አስቀድመው በኤሌክትሪክ እኩል ይሆናሉ። ቀጥሎ የኃይሉ እግሮች ይነካሉ፤ ኃይሉም በአንድ ጊዜ እንዳይደፋ ቀስ ተደርጎ ይለቀቃል። መረጃ የሚያስተላልፉት ኋላ ይደርሳሉ። ከሁሉ አጭሩ እግር «ሙሉ በሙሉ ገብቻለሁ» የሚል ምልክት ነው። ሲነቀል ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ አጭሩ ቀድሞ ይለያያል፣ ማሽኑም «ሊወጣ ነው» ብሎ ይሰማል፣ የመሬት መስመሩ መጨረሻ ይለቅቃል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው። ካርዱን ግማሽ አስገብቶ እያመነታ የሚያወዛውዝ ሰው ይህንን ሥርዓት ነው የሚያፈርሰው፤ እግሮቹ እየነኩ እየለቀቁ ማሽኑ ምን እንደመጣበት ግራ ይገባዋል። ለዚህ ተብሎ ያልተሠራ ካርድ ላይ ደግሞ ይህ መሰላል ጨርሶ ስለሌለ ኃይሉ በየትኛውም እግር ቀድሞ ሊገባ ይችላል። «እዚያ ቢሮ ነቅዬ ምንም አልሆነም» የሚለው ክርክር የማያሳምነኝ ለዚህ ነው።

በእጄ ላይ ምን አለ?

የማርቆስ ጠዋት ብርድ ነው፤ ሹራብ ሳይደርቡ አይወጣም። ማታ መብራት በሌለበት ሹራባችሁን ስታወልቁ የሚንጣጣውን ድምፅና ሰማያዊ ብልጭታ አይታችኋል። ያ በሰውነታችን ላይ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ነው። በበጋ፣ አየሩ ሲደርቅ፣ ይብሳል። ሰው ብልጭታው እጁ ላይ የሚሰማው ወደ 3000 ቮልት ገደማ ሲደርስ ነው። ካርዱ ላይ ካሉት ረቂቅ ክፍሎች አንዳንዶቹን ለመጉዳት ግን ከ100 ቮልት በታችም ይበቃል። ምንም ሳይሰማን እንገድላቸዋለን ማለት ነው።

ሁልጊዜም ወዲያው አይሞቱም። ቆስለው ይቆያሉ። ካርዱ ተሰክቶ ይበራል፣ ሁሉም ያጨበጭባል፤ ከሦስት ወር በኋላ አንዳንዴ የሚሠራ አንዳንዴ የማይሠራ ይሆንና ጥፋቱ በኔትወርኩ፣ በኬብሉ፣ በመብራት ኃይል ይሳበባል። ያን ቀን ሹራብ ለብሶ ካርዱን የያዘውን ማንም አያስታውሰውም።

መከላከያው የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ማሰሪያ ነው። ከሽቦው ጋር አንድ ሚሊዮን ኦም የሚደርስ ማገጃ አለው፤ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ቀስ ብሎ ወደ መሬት እንዲወርድ፣ ሰውየው በስሕተት ኃይል ያለበት ነገር ቢነካ ደግሞ ብዙ ኃይል በእሱ በኩል እንዳያልፍ። የማሰሪያው ሌላኛው ጫፍ ቀለም በሌለው የራውተሩ ብረት ላይ ይያያዛል። ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ግን ራውተሩ ራሱ በመሬት ሽቦ ከተያያዘ ነው። ሶኬቱ ላይ የመሬት ሽቦ ቀዳዳ ኖሮ ከግድግዳው ኋላ ምንም ያልተያያዘበት ቢሮ አጋጥሞኛል። ለዓይን የተሟላ ነው፤ ለኤሌክትሪክ ግን መንገድ የለውም።

ሥራው ራሱ እንዴት ይሄዳል?

መጀመሪያ እጅ ከማሽኑ ይራቅ። ያለውን ሁኔታ በስልክ ፎቶ ማንሣት፣ እያንዳንዱ ኬብል ላይ የፖርቱን ቁጥር ጽፎ መለጠፍ፣ የማሽኑን ቅንብር፣ ማለትም እንዴት እንዲሠራ የታዘዘበትን ጽሑፍ፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መገልበጥ ይቀድማል። የኬብሎቹን ቦታ በቃሌ አውቃለሁ የሚል ሰው ስምንት ተመሳሳይ ሰማያዊ ኬብል ጨብጦ ሲቆም አይቻለሁ። ራሴን ነው ያየሁት።

ቀጥሎ ለማሽኑ መንገር ነው። ከቤት ሳይሰናበት የወጣ እንግዳ ቤተሰቡን ያሳስባል፤ ይፈለጋል፣ እራቱ ይጠብቀዋል። ራውተሩም ሳይነገረው የወጣ ካርድን መረጃ እየላከ ይጠብቀዋል፤ አልፎ አልፎም ተደናብሮ እንደ አዲስ ይነሣል። ስለዚህ በኮምፒውተር ገብቶ ፖርቶቹን መዝጋት፣ ከዚያም ሞጁሉን እንዲቆም ማዘዝ ያስፈልጋል። ካርዱ ላይ ያለችው መብራት መቆሙን ትናገራለች። እሷን ሳያዩ ካቻቢቴ ማንሣት አይገባም።

ከዚያ በኋላ ነው የእጅ ሥራው የሚመጣው። ኬብሎቹ ይወጣሉ፤ ግራና ቀኝ ያሉት ብሎኖች ይላላሉ። ብዙዎቹ ከካርዱ ጋር አብረው እንዲቀሩ የተሠሩ ስለሆኑ እስኪወልቁ መፍታት አያስፈልግም። ትልቅ ካርድ ከሆነ በሁለቱ ጫፍ መፈንቅያ እጀታ አለው፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ እኩል ወደ ውጭ ይከፈታሉ። አንዱን ብቻ የከፈተ ካርዱን ያጣምመዋል፤ ከኋላ ያሉትን ቀጫጭን እግሮችም ያጎብጣል። ካርዱ ከተላቀቀ በኋላ አንድ እጅ ከሥሩ ደግፎ፣ ልክ ትኩስ እንጀራ ከምጣድ በሰፌድ እንደሚወጣ፣ ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ ይሳባል። የሚያዘው በጠርዙ ነው፤ ሰሌዳው ላይ ያሉትን ክፍሎች ጣት አይነካቸውም።

አዲሱን መስካት የዚሁ ግልባጭ ይመስላል፤ አንድ ነገር ግን ይጨመርበታል። ከማስገባት በፊት በባትሪ ብርሃን የማስገቢያው ውስጥ ይታያል፤ የጎበጠ እግር፣ የተረሳ ብሎን፣ አቧራ ካለ። አንድ የጎበጠ እግር ስንት አዲስ ካርድ እንደሚያበላሽ ያየ ይፈራል። ካርዱ ግራና ቀኝ ባለው ሐዲድ ላይ ተስተካክሎ፣ ሳይቆራረጥ በአንድ ግፊት ይገባል፤ እጀታዎቹ ሲዘጉ የመጨረሻውን ግፊት እነሱ ይሰጣሉ። ብሎኑ የሚታሰረው ከገባ በኋላ ነው። ያልገባ ካርድን በብሎን ጎትቶ ለማስገባት መሞከር ክርም ሰሌዳም መስበር ነው። ሁለት ካርድ የሚቀየር ከሆነ አንዱ አልቆ ማሽኑ እስኪያውቀው ሌላው ይቆያል።

መብራቷ መጀመሪያ ብርቱካናማ ሆና ብትቆይ መደናገጥ አያስፈልግም፤ ካርዱ እየተነሣ ነው፣ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል። አረንጓዴ ካልሆነች ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው፦ በደንብ አልገባም፣ የራውተሩ ሶፍትዌር ከካርዱ ያረጀ ስለሆነ አያውቀውም፣ ወይም ማስገቢያው ለዚያ ካርድ የተሠራ አይደለም።

አረንጓዴ በራ፤ አለቀ ማለት ነው?

እኔም አለቀ ብዬ ነበር። ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ካርድ ቀየርኩ፣ ቅንብሩን ጻፍኩ፣ ሁሉም ኮምፒውተር ተገናኘ። የግቢው ጥበቃ ሻይ ጋበዙኝ፤ «ልጄ፣ እጅህ ይባረክ» ብለው መርቀው ሸኙኝ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፤ የመጠባበቂያው ባትሪም ተሟጠጠ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ስልኬ ጮኸ፦ «ሲስተም የለም።»

ራውተር ሁለት ማስታወሻ አለው። አንዱ አሁን እየሠራበት ያለው ነው፤ ኃይል ሲጠፋ ይጠፋል። ሌላው ሲነሣ የሚያነበው፣ ኃይል ቢጠፋም የሚቀመጠው ነው። በኮምፒውተር ገብተን የምንጽፈው ትእዛዝ በብዙ ራውተሮች ላይ የሚገባው ወደ መጀመሪያው ነው፤ ወደ ሁለተኛው የሚሻገረው «አስቀምጥ» ስንለው ብቻ ነው። በቃል ስምምነትና በተፈረመ ውል መካከል ያለ ልዩነት ነው። እኔ በቃል ተስማምቼ ወጥቻለሁ፤ ማሽኑ ሌሊት ሲነሣ ያገኘው የድሮውን ውል ነው፣ የድሮው ውል ደግሞ የወጣውን ካርድ እንጂ የገባውን አያውቅም።

አንድ ዓይነት ካርድ በዚያው ማስገቢያ ሲተካ የድሮው ቅንብር አብዛኛውን ጊዜ እንዳለ ይሠራለታል። ዓይነቱ ወይም ቦታው ከተለወጠ ግን የፖርቶቹ ስም ስለሚለወጥ እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል። ሥራው ሲያልቅ ማስቀመጥ፣ ከተቻለም ሰዓቱ ሲፈቅድ ማሽኑን አጥፍቶ አብርቶ ማየት ነው። የገበያ ቀን ጠዋት ለዚህ አይሆንም።

ፋይበር ከሆነስ?

የኤስኤፍፒውን ቀዳዳ ወይም የተነቀለውን ፋይበር ጫፍ ወደ ዓይን ማቅረብ አይገባም። ለረጅም ርቀት የሚያገለግሉት ብዙ ጊዜ በ1310 ወይም በ1550 ናኖሜትር የሚሠራ ሌዘር ይጠቀማሉ፤ ይህ ብርሃን ለሰው ዓይን አይታይም። «አይበራም» ብሎ አፍጥጦ የሚያይ ሰው እየበራ እያየው ሊሆን ይችላል።

ሌላው አቧራ ነው። የረጅም ርቀቱ ፋይበር ብርሃን የሚያልፍበት መካከሉ ወደ 9 ማይክሮን ብቻ ነው፤ የሰው ፀጉር ከዚያ ብዙ እጥፍ ይወፍራል። የበጋ አቧራ አንዲት ቅንጣት በሩን ለመዝጋት ትበቃለች። ትንሿ የፕላስቲክ ክዳን የተሰጠችው ለዚህ ነው፤ ስትወልቅ ኪስ ውስጥ እንጂ መሬት ላይ አትቀመጥም።

ባዶውን ማስገቢያ ለምን እንክደነው?

ካርድ ወጥቶ ሌላ ካልገባበት ቀዳዳው በራሱ ብረት ክዳን ይዘጋል። ጌጥ ይመስላል፤ ብዙ ቢሮ ውስጥ ክዳኑ የለም። ማራገቢያዎቹ አየሩን ስበው በካርዶቹ መካከል ነው የሚያሳልፉት። መራዊ አጠገብ በቆጋ መስኖ ማሳውን የሚያጠጣ ገበሬ እንደሚያውቀው፣ ቦዩ መሐል ላይ ከተሸነቆረ ውኃው ታች ማሳ አይደርስም። ክፍት ቀዳዳም አየሩን አቋርጦ ያስወጣና ዳር ያለውን ካርድ ያግለዋል።

እኛ አገር ሌላ ነገርም አለ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2400 ሜትር ገደማ ናት። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ በአንድ እፍኝ የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው፤ የብዙ አምራቾች መመሪያም ከፍታው በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደውን የክፍል ሙቀት ዝቅ የሚያደርገው ለዚህ ነው። ብርዱ ያግዘናል፤ መስኮት የሌለው ቁም ሳጥን ውስጥ ግን ብርዱ አይገባም።

የተነቀለው ካርድስ የት ይሂድ?

ባለፈው ዓመት አንድ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ፣ ከአሮጌ ደረሰኞች ሥር፣ በፌስታል የተጠቀለለ ካርድ አገኘሁ። ፌስታል ሲፋተግ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ነገር ነው፤ ካርድ የሚቀመጠው አዲሱ በመጣበት፣ ብዙ ጊዜ ብርማ በሆነው ፀረ ስታቲክ ከረጢት ነው። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «የተበላሸ» ተብሎ ተጽፏል፤ ማን፣ መቼ፣ ምን ሆኖ የሚል የለም። ማሽኑን አጥፍተን፣ ማሰሪያውን አስሬ፣ ካርዱን እጀታው እስኪዘጋ ገፋሁት። ከአራት ደቂቃ በኋላ አረንጓዴ በራ። እስካሁን እየሠራ ነው። በፊት የሰካው ሰው እስከ መጨረሻው አልገፋው ኖሯል።